ሳልሰማው አልሳፈርም

ጥቅምት 5

ለአጎቴ ለጋሽ ጆሮ፣

እንዴት ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን። እናቴ ጉልበቷን ታማርራለች እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ሰላምታዬን አሳጠርሽው ብለው እንዳይቀየሙኝ፤ ወሬው አላስቀምጥ ብሎኝ ነው፤ ስልክስ ለምን አያነሱም?

በመጀመሪያ ግን "እትዬ አሁንም ስለ እኔ ታነሳለች ወይ?" ላሉት፦ እናቴ እርስዎን ከማንሳት ሌላ ሥራ የላትም። ባለቤትዎ ካረፉ ጀምሮ "ወንድሜ እዚያ ማዶ ብቻውን ከግድግዳ ጋር እያወራ ነው" ትላለች። የጓሮውን ክፍል አስቀብታ አልጋ አስገብታለች። በአውቶቡስ ይምጡ እንዳልልዎ ደግሞ አመልዎን አውቀዋለሁ። ዕድሜ ልክዎን ካቻቢቴ ሞተር ላይ ተክለው፣ እጀታውን ጆሮዎ ሥር አድርገው፣ በሽታውን በስሙ ሲጠሩ የኖሩ መካኒክ "ሞተሩን ሳልሰማው አልሳፈርም" ቢሉ ማን ይፈርድብዎታል? አንዴማ ተሳፍረው ሳለ "ይሄ ዳገቱን አይወጣም" ብለው ወርደው፣ አውቶቡሱ እውነትም ዳገቱ ላይ ቀርቷል።

ስለዚህ መኪና ገዛሁ!

አዎ፣ እኔ! ናፍጣ የምትጠጣ፣ በአራቱም ጎማ የምትጎትት፣ ከፍ ያለች የመስክ መኪና። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አያንስም። የሸጠልኝ ጡረታ የወጣ መሬት ቀያሽ ነው፤ ቁልፉን ሲያስረክበኝ ልጁን የሚድር ይመስል ዓይኑ እንባ አቀረረ። "እሜቴ" ነው የሚላት፤ ስሟን አልቀየርኩም። ክረምት ገብቶ የተራራው መንገድ ሳይዘጋ እሜቴን እንደ አዲስ አድርጌ በርዎ ላይ አቆማታለሁ። ኮፈኗን ከፍተው ያደምጧታል። ከዚያ በኋላ ምክንያት የለም፤ ከእኔ ጋር ነው የሚመጡት።

ሥራውንም ጀምሬዋለሁ። ጣሪያዋ ላይ ለዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ አስጭኜላታለሁ። ከፊት ሁለት ትልልቅ መብራት፣ ከሥር ወፍራም ጎማ፣ ለወንበሩ የቆዳ ልብስ። እናቴ አይታ "ሙሽራ አስመሰልሻት" አለች። ጠዋት ጠዋት ለመነሳት ትንሽ ትግደረደራለች፤ እሱ የዕድሜ ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

የእህትዎ ልጅ፣
ችኩሌ


ጥቅምት 24

ለችኩሌ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እኔ ደህና ነኝ፤ ምንም አልሆንኩም። እንኳን ደስ ያለሽ ልበልና ወደ ቁጣዬ ልሂድ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው አንቺን አይተው መሆን አለበት። ሴትዮዋ ልቧን ታማ አንቺ ጉትቻ ትገዢላታለሽ? "ለመነሳት ትግደረደራለች፤ የዕድሜ ነው!" እግዜር ያሳይሽ፣ ደግሞ የከብት ሐኪም ነሽ! መነሳት ያቃታት ላም ቢያመጡልሽ "የዕድሜ ነው" ብለሽ ቀንዷን ቀለም ትቀቢያለሽ?

ወፍራሙን ጎማ ዛሬውኑ መልሺ። ላረጀ ሞተር ከባድ ጎማ ማለት ለአሮጊት የብረት ጫማ ማለት ነው። ከዚያ ዘይቷን ቀይሪ። ቀያሹ "በቅርቡ ተቀይሯል" ብሎሽ ይሆናል፤ ሻጭ ሁሉ በቅርቡ ነው የሚለው። የዘይቱን፣ የአየሩን፣ የናፍጣውን ማጣሪያ አንድም ሳታስቀሪ በአዲስ ተኪ። ከናፍጣ ማጣሪያው ሥር ውኃ ይጠራቀማል፤ እሱን አፍስሺ። ናፍጣ እንዳታስጨርሻት። ሞተሩ ውስጥ ያለው ባለ ጥርስ ቺንጊያ፣ ያ የጎማ ቀበቶ፣ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ከሌለ ዛሬ አልቋል ብለሽ ቁጠሪው። እሱ መንገድ ላይ ቢበጠስ ሞተሯ እርስ በርሱ ይጋጭና አለቀላት። ፖርቶመጋላውን ግን ተዪው። የመፍቻ ሣጥኔ ከባድ ነው፤ ማን ያውቃል።

ስልክ ለምን አላነሳም? ስልክ ወሬ ያበላሻላ! ሰው በስልክ ሲያወራ አያስብም። ጻፊልኝ። ድምፅዋንም ቢሆን ጻፊው፦ ስትነሳ ምን ትላለች፣ ስትሞቅስ፣ ዳገት ላይስ? ጭሷ ምን ይመስላል? አንዱንም እንዳትደብቂኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

እትዬን ጉልበቷን በሞቀ ጨርቅ ትያዘው በያት። ስለ ክፍሉ ደግሞ አትቸኩል።

አጎትሽ


ኅዳር 20

አጎቴ፣

ቁጣዎን ተቀምጬ ተቀበልኩት። ጎማው ተመልሷል። መብራቱን ግን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልመልስም፤ ላም ቀንና ሌሊት መርጣ አትወልድም።

ዘይቷ ሲፈስ ሬንጅ ነበር የሚመስለው። ባለ ጥርሱን ቺንጊያ የሰፈራችን መካኒክ አውጥቶ ሲያሳየኝ እንደ በጋ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። "በዚህ ዳገት ልትወጪ ነበር?" አለኝ። እርስዎን በልቤ መረቅሁ፤ በአፌ ግን "ገና ከመግዛቴ አውቄው ነበር" አልኩት።

ሌላም ጉድ ልንገርዎ። "ናፍጣ እንዳታስጨርሻት" ብለው ያስጠነቀቁኝ ደብዳቤ የደረሰኝ ካስጨረስኳት በኋላ ነው። ከገበያው መሐል ቀጥ! ናፍጣ አምጥቼ ብሞላላትም ወይ ፍንክች። መካኒኩ መጥቶ "ታንከሩ ሲደርቅባት አየር ዋጠች" አለና ማጣሪያዋ ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ እየገፋ አየሩን አስወጣላት። ይሄማ የእኔ ሥራ አይደለም እንዴ! ሆዷ የተነፋ ላም ሳስገሳ አይደል የምውለው? ከዚያ ወዲህ ራሴ አደርገዋለሁ።

አሁን ድምፅዋ። ጠዋት፦ እርርር… እርርር… ዱፍ… ዱፍ… ዝም። እንደገና ዱፍ፣ ከነጭ ጭስ ጋር። ስትሞቅ ዱግ-ዱግ-ዱግ፣ እንከን አይወጣላትም። ዳገት ላይ ግን ትንፋሽ ያጥራታል፤ ሄድ ትልና ድንገት ሰነፍ ትሆናለች፣ መልሳ ትበረታለች። የከብት ማዳመጫዬን ሞተሯ ላይ አድርጌ ሳዳምጥ መንገደኛው ቆሞ ሳቀብኝ።

አጎቴ፣ ስልኩን ቢያነሱት ይሄን ሁሉ በአንድ አፍታ ባሰማሁዎት። ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው የአውቶቡስ ሹፌር ደግሞ በርዎን ደብድቦ ደብድቦ አልከፈቱልኝም አለ፤ እርስዎ በመስኮት እየታዩ! ተቀይመውናል እንዴ?

ችኩሌ


ታኅሣሥ 12

ለችኩሌ፣

ማን ተቀየመ? ሹፌሩን ይቅርታ በይልኝ፤ እንቅልፍ ወስዶኝ ነው። "በመስኮት እየታዩ" ላለው፣ ሽማግሌ ዓይኑን ገልጦም ይተኛል።

ድምፁን ግን አሳምረሽ ጽፈሽዋል። እርርር፣ ዱፍ፣ ዝም እያልኩ በአፌ አነበብኩት፤ ከሴትዮዋ ጋር የተዋወቅሁ መሰለኝ። ነጭ ጭስና የጠዋት ግትርነት የካንዴላ ነገር ነው። ሞተሩን ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቁትን ካንዴላዎች አንድ በአንድ አስፈትሺ፤ ያልሞቀው ሞቷልና ለውጪው።

የሳቁብሽን እርሺያቸው፤ በእኔም ስቀውብኛል። ማዳመጫሽ ለላም ጥሩ ነው፤ ለሞተር ረጅም ካቻቢቴ ያዢ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮሽ ኋላ አጥንቱ ላይ። ቀዳዳው ላይ አይደለም፣ አጥንቱ ላይ! አጥንት ከብረት ጋር ይግባባል። ለመሆኑ መካኒኩ ነው ወይስ አንቺ፣ ማን ነው የሚያዳምጣት?

ተዘጋጅታ ሳታልቅ እንዳትመጪ። ጥድፊያ የለብኝም።

አጎትሽ


ጥር 6

አጎቴ፣

ሁለት ካንዴላ ሞቶ አገኘሁ፤ ቀየርኳቸው። ጠዋት አንዴ እርርር ብላ ብድግ! እልል ብያለሁ። የዳገቱ ትንፋሽ ማጠር ግን እንዳለ ነው። መካኒኩ አንድ ቀን የናፍጣ ፖምፓዋን፣ አንድ ቀን ዕድሜዋን ይከሳል።

"ማን ነው የሚያዳምጣት?" ላሉት፦ እኔው ነኝ፤ ግን የእኔ ጆሮ የእርስዎ ጆሮ አይደለም። ስለዚህ መላ አገኘሁ። ዳገት ላይ ሳለች ድምፅዋን በስልኬ ቀድቼ ሚሞሪ ላይ አድርጌዋለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሹፌሩ ልኬልዎታለሁ። ያ ትልቁ ሬዲዮዎ ሚሞሪ ይቀበላል። ይክፈቱትና እስኪጠግቡ ይስሙልኝ። የሚሉኝን አደርጋለሁ።

ችኩሌ


ጥር 25

ለችኩሌ፣

ሚሞሪው ደረሰኝ። ሰምቼዋለሁ፤ ጥርት ብሎ ነው የተቀዳው። ነገሩ ግልጽ ነው፦ ሦስተኛው ኢንጀክተር ናፍጣውን መርጨት ትቶ እያንጠባጠበ ነው። አውጥተሽ አስፈትሺው። ሌላ ምንም አትንኪ።

የዚህ ግቢ ሰው ግን ምን እንደነካው አላውቅም። ሬዲዮውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ሳዳምጥ ደጃፌ ላይ ተሰብስበው ጥርሳቸውን ያሳዩኛል። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴማ ዓይኗን በመሐረብ ስትጠርግ አየኋት። ሞተር ሰምቶ የሚስቅስ ይሁን፣ የሚያለቅስ አይተሽ ታውቂያለሽ?

አጎትሽ


የካቲት 18

አጎቴ፣

ይህን ደብዳቤ ተቀምጠው ያንብቡልኝ።

ሦስተኛውን ኢንጀክተር አስወጥቼ ወደሚፈተሽበት ወሰድኩት። ጤነኛ ነው። መልሼ አስገጠምኩ፤ ዳገቱ ላይ ያው ናት። "ጋሽ ጆሮ ተሳሳተ" ማለት አልዋጥልኝ አለ። ምናልባት አቀዳዴ ይሆናል ብዬ ለእርስዎ የላክሁትን ለመስማት ስልኬን ከፈትኩ። ሚሞሪው ላይ የገለበጥኩት የሞተሯን ድምፅ አይደለም። የዚያኑ ቀን እናቴ "ለእኔም ቅጂልኝ" ብላ ያስቀዳችኝን ነው። ችኮላዬ ነው፤ አንዱን ከሌላው ሳልለይ ልኬዋለሁ።

አጎቴ፣ በላክሁልዎት ውስጥ ሞተር የለም። "ጩጬ! አንተ ጩጬ! እኔ ነኝ፣ እትዬ። ክፍልህ ተቀብቷል፤ መስኮቱ ወደ መንገድ ነው፤ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ትሰማለህ። ትመጣለህ ወይስ ቀብሬን ነው የምትጠብቀው?" እያለች የምትጣራ እህትዎ ናት ያለችው።

እርስዎ ደግሞ ስለ ኢንጀክተር ጻፉልኝ።

የእሜቴ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስልኩ ገባኝ፣ የበሩ ነገር ገባኝ፣ "ድምፅዋን ጻፊልኝ" ያሉኝ ገባኝ። አለቀስኩና ተናደድኩ። እኔን ለአንዲት ነጭ ጭስ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ብለው የገሰጹኝ ሰው የራስዎን ደብቀው ብቻዎን ይቀመጣሉ? ከመቼ ጀምሮ ነው? ማን አይቶዎታል? ሐኪም ምን አለ? ሁሉንም ይጻፉልኝ፤ አንዱንም እንዳይደብቁኝ።

አሁን ስለ እሜቴ፣ ይኸኛው እንኳን ደስታ ነው። ካለ እርስዎ ጆሮ ቀረሁ ብዬ ተቀምጬ አሰብኩ። ሄድ ትልና ትደክማለች፣ መልሳ ትበረታለች፤ ይሄ ናፍጣ ባለቀባት ቀን ያየሁት አይደለም እንዴ? አየር! ለከብት ግሉኮስ የምሰጥበትን፣ ውስጡ የሚታየውን ቱቦ ከማጣሪያዋ ቀጥሎ ለጊዜው ገጠምኩና አስነሳኋት። በቱቦው ውስጥ አረፋ እየተግተለተለ ሲያልፍ በዓይኔ አየሁት። የእጅ ፓምፗ ጎማ ተሰንጥቆ በዚያ በኩል አየር ትስባለች። ፓምፗንም ከሥሯ ያለውንም ቱቦ ቀየርኩ። ትናንት ያን ዳገት እየዘፈነች ወጣችው! መካኒኩ እስካሁን አፉን ይዟል።

እናቴ "ጩጬ ምን አለ?" ትለኛለች። "እያሰበበት ነው" እላታለሁ።

ችኩሌ


መጋቢት 10

ለእህቴ ልጅ፣

ለካ እትዬ ነበረች።

ሬዲዮውን በሁለት መዳፌ ይዤው ነበር። ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ሞተር ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ይህን ያህል የሚንቀጠቀጥ ኢንጀክተሩ ያንጠባጠበ ነው ብዬ ገመትኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ግቢው ሁሉ እትዬ "ጩጬ" ስትለኝ ሰምቶ ሲስቅና ሲያለቅስ እኔ ብቻ አልሰማሁም። አሁን ልብስ ሰፊዋን ጠየቅኋት። ከንፈሯን እያየሁ "ጩጬ" ስትል አነበብኩ። አፍሬ በሬን ዘጋሁ።

ጠይቀሻልና ልንገርሽ። ባለቤቴ ከማረፏ በፊት ነው የጀመረው። እሷ ለሁለታችንም ትሰማ ስለነበር አልታወቀብኝም። ሐኪሙ በወረቀት ጽፎ አሳየኝ፦ የጆሮዬ ትንንሽ አጥንቶች ደርቀዋል፣ አይንቀሳቀሱም። ጋራዡን የዘጋሁት ደክሞኝ አይደለም። አንድ ደንበኛ ሞተር አስነስቶ "ጋሽ ጆሮ፣ ምን ይላል?" ሲለኝ እኔ የማየው የሚንቀጠቀጥ ብረት ብቻ ሆነብኝ። የሰው መኪና በግምት አልነካም።

እና አሁን "ጆሮ" ተብዬ ኖሬ፣ ደንቁሬ እትዬ ቤት ልጦር? እየጮኸች ልታወራኝ፣ እኔ ደግሞ "አዎ፣ አዎ" እያልኩ ልቀመጥ? የገባሁት ቃልም አለ። ሳልሰማው አልሳፈርም ብዬ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ የምሰማው መኪና የለም። አትምጪ። መንገዱ ረጅም ነው፤ በከንቱ ናፍጣ አትጨርሺ።

የግሉኮሷን ቱቦ ግን አንብቤ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ያንን እኔም አላሰብኩትም ነበር። ኮራሁብሽ።

አጎትሽ


መጋቢት 28

አጎቴ፣

"አትምጪ" ያሉትን አልሰማሁም። በዘር ሳይሆን አይቀርም።

ሐኪምዎ እንደጻፈው ከሆነ የደረቀው በሩ ነው፤ በሩ ተዘጋ ማለት ቤቱ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ደግሞስ "ቀዳዳው ላይ አይደለም፣ አጥንቱ ላይ" ብሎ ያስተማረኝ ማን ነው? ካቻቢቴውን ያውጡት።

ለእናቴ ሁሉንም ነግሬያታለሁ። አንድ ቀን ሙሉ አኮረፈች። ከዚያ "ድሮም አይሰማኝም ነበር" አለችና ሻንጣዋን አዘጋጀች። የፊት ወንበር የእሷ ነው። ዘይት ተቀይሯል፣ ፍሬን ታይቷል፣ ትርፍ ጎማም ትርፍ ቺንጊያም ይዘናል። የገበያው ሳምንት ሲያልፍ በርዎ ላይ ነን። አናንኳኳም፤ በመስኮት ይጠብቁን።

ችኩሌ


ሚያዝያ 15

ለችኩሌ፣

ከእኔ ዘንድ ተመልሳችሁ በሰላም ቤታችሁ መግባታችሁን ሹፌሩ ነገረኝ፤ በእጁ ምልክት እያደረገ። ደብዳቤሽም ደርሶኛል።

"ካቻቢቴውን ሲነክሱ ምን ተሰማዎት?" ብለሻል። ምን እንደምልሽ አላውቅም። መጀመሪያ እንደ ድሮዬ ከጆሮዬ ኋላ ሳደርገው የሆነ ነገር ከሩቅ አንኳኳ። አንቺ በእጅሽ ወደ አፍሽ ስታመለክቺ እብድ መሰልሽኝ። ግቢው ሁሉ እያየኝ እጀታውን በጥርሴ ያዝኩት። ያኔ እሜቴ ገባች። ዱግ-ዱግ-ዱግ፣ ልክ አንቺ እንደጻፍሽው! ጭንቅላቴ ውስጥ ሙሉ ሞተር። ሁለተኛው ቫልቭ ልል ነው፤ ትንሽ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ አልሰማሽውም አይደል? እኔ ግን ሰማሁት! እኔ ጆሮ ነኝ፣ ሰማሁት! ስለ ቫልቩ እየጮኽኩ ያለቀስኩትን ለሰው እንዳታወሪ።

እትዬ ደግሞ አታርፍ። "ለብረት ያገኘኸውን ጆሮ ለእኔ ታጣዋለህ?" ማለቷን ከፊቷ አወቅሁ። ወጥ ቤቴ ገብታ የእንጨት ማማሰያ ይዛ ወጣች። አንዱን ጫፍ አፌ ውስጥ ሰካች፣ ሌላውን አገጯ ላይ ተጭና "ጩጬ" አለች።

ከርቀት ነው የመጣው፤ ከልጅነቴ። ግን እሷ ናት። የእሷው ቁጣ፣ የእሷው ድምፅ።

እስከ መንገዱ ጫፍ አብሬያችሁ ተሳፈርኩ፤ ሰምቻታለሁና ቃሌን አላፈረስኩም። ስትመለሱ በሩን እየዘጋሽ የሆነ ነገር ጠየቅሽኝ። ዓይኔ ኮፈኑ ላይ ስለነበር ከንፈርሽን አላነበብኩትም። አሁን በደብዳቤሽ "ታዲያ መልስዎ ምንድነው?" ብለሽ ደገምሽው። ስለዚህ ይኸውልሽ፤ ግን ዋናዋ ጠያቂ እናትሽ ናትና ጮክ ብለሽ አንብቢላት፦

እትዬ፣ መጣሁ። የጋራዡን ቁልፍ አስረክቤያለሁ። መፍቻዎቼን ጠቅልያለሁ። መስኮቱ ወደ መንገድ ያለው ክፍል የእኔ ነው፤ ለማንም እንዳትሰጪብኝ። ልጅሽ ዝናቡ ሳይጀምር ትምጣና ትውሰደኝ፤ ፖርቶመጋላዋ ባዶ ይሁን። አንቺ ግን አዲስ ማማሰያ ግዢ። ያኛው ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

ወንድምሽ ጩጬ